ሮሜል፣ ሞንትጎመሪ እና ጀሪካን፦ በሰሜን አፍሪካ በረሃ ያሸነፈው ማን ነው?

ዘካዛንቺስ (ክሩን የከፈተ) · ማክሰኞ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ቤተሰብ። እሁድ ዕለት ከጓደኞቼ ጋር ቡና ስንጠጣ ወሬው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰሜን አፍሪካ ወደ ተዋጋው የጀርመን ጄኔራል፣ ወደ ሮሜል ዞረ። አንዱ «እንደሱ ያለ የታንክ ጄኔራል አልተፈጠረም» አለ። ሌላው «ታዲያ ለምን ተሸነፈ?» ብሎ አፋጠጠው። ቡናው እስከ በረካ ተጠጥቶ አለቀ፤ ክርክሩ ግን አላለቀም። ስለዚህ ወደዚህ አመጣሁት። ቀኖቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። እኔ እነዚህን ጄኔራሎች የምመዝናቸው በአንድ ጥያቄ ነው። ታንኩ የሚጠጣው ቤንዚን ከየት እንደሚመጣ ምን ያህል አስበው ነበር? በረሃ ላይ ወንዝ የለም፣ እርሻ የለም፣ የሚበረበር ጎተራ የለም። የምትበላውንም፣ የምትጠጣውንም፣ የምትተኩሰውንም ተሸክመህ ነው የምትሄደው።

ታሪኩን ለማያውቅ መነሻውን ባጭሩ ልንገር። የጣሊያን ጦር ከሊቢያ ተነስቶ ግብፅ የገባው ሴፕቴምበር 1940 ነው። የበላይ አዛዡ ማርሻል ግራዚያኒ ነበር። አዎ፣ የየካቲት 12ቱ ግራዚያኒ። ጦሩ ሲዲ ባራኒ ደረሰና መመሸግ ጀመረ። ዲሴምበር 9 ማለዳ የእንግሊዙ ጄኔራል ኦኮነር ከኋላ መጣበት። 36 ሺህ ገደማ ሰው ይዞ በሁለት ወር ውስጥ 130 ሺህ ያህል ማረከ። የሞተበት 500 ገደማ ነው።

ሂትለር ሮሜልን የላከው ያን ጊዜ ነው። ፌብሩዋሪ 12፣ 1941 ትሪፖሊ ገባ። የተሰጠው ትእዛዝ ያለውን ይዞ እንዲጠብቅ ነበር። እሱ ግን ማርች 24 ማጥቃት ጀመረ። ሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ የግብፅ ድንበር ደረሰ። ኦኮነርን ራሱን ሌሊት መንገድ ላይ ማረኩት። የሊቢያዋ የወደብ ከተማ ቶብሩክ ብቻ በአውስትራሊያኖች እጅ ተከባ ቀረች።

አሁን ርቀቱን አስቡት። ከትሪፖሊ ወደብ እስከ ግብፁ ኤል አላሜይን ከ2,000 ኪሎሜትር በላይ ነው። ዋናው መንገድ ባሕር ዳር ባሕር ዳሩን የሚሄደው አንዱ ብቻ ነው። ቤንዚን የጫነው መኪና ራሱ ቤንዚን ይጠጣል። ባዶውን ሲመለስም ይጠጣል። ሮሜል ወደፊት በገፋ ቁጥር ለታንኩ የሚደርሰው እያነሰ ሄደ።

አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ ቤት ዛሬም ውኃ የሚጠራቀመው በጀሪካን ነው። ቃሉ የመጣው ከዚያ ጦርነት ነው። «ጄሪ» እንግሊዞቹ ለጀርመን ያወጡለት ቅጽል ስም ነው። ጀሪካን ማለት የጀርመን ቆርቆሮ ማለት ነው። 20 ሊትር ይይዛል። ከሁለት የብረት ክፋይ የተበየደ ነው። ሦስት እጀታ አለው፤ ሦስት የሆነውም በምክንያት ነው። ሙሉውን ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይይዘዋል፤ ባዶውን አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለት አድርጎ ያነሳዋል። እንግሊዞቹ ግን ቤንዚናቸውን የሚያጓጉዙት በስስ ቆርቆሮ ነበር። መኪናው በድንጋይ ላይ ሲንገጫገጭ ስፌቱ ይላቀቃል። ከቤንዚኑ እስከ 30 በመቶ የሚሆነው መንገድ ላይ ፈስሶ የሚቀርበት ጊዜ ነበር። ወታደሩ ቆርቆሮውን ለሁለት ቆርጦ፣ አሸዋ ሞልቶ፣ ቤንዚን አርከፍክፎበት ሻይ ያፈላበታል። የጀርመኑን ሲማርክ ግን ከእጁ አይለየውም። በኋላ እንግሊዝም አሜሪካም ቅርጹን ቀድተው ሠሩት።

እንግሊዝ ቤንዚኑ ነበራት፤ መያዣው አልነበራትም። ጀርመን መያዣው ነበራት፤ ቤንዚኑ አልነበራትም። ሀሳባችሁን አምጡ።

ታሪክ_ወዳድ · ማክሰኞ ከምሽቱ 3:05

ወንድሜ፣ ጽሑፍህ ደስ ይላል፤ ግን አልስማማም። ሁሉን ነገር ቤንዚን ካደረግከው ሰውየው የት ሄደ?

ከቶብሩክ በስተምዕራብ ያለችውን ጋዛላን ተመልከት። ሜይ 26፣ 1942 ሌሊት። እንግሊዞች ከባሕሩ በስተደቡብ በረሃው ውስጥ እስካለው ቢር ሐኬም ድረስ ፈንጂ ቀብረው ተቀምጠዋል። ታንካቸው 850 ገደማ ነው። የሮሜልና የጣሊያን ተደምሮ 560 ገደማ። ሮሜል ምን አደረገ? ፊት ለፊት እንደሚመጣ አስመሰለና ዋናውን የታንክ ኃይሉን ይዞ በደቡብ በኩል ቆረጣ ገባ። ከጀርባቸው ወጣ። እርግጥ ነው፣ ሁለት ሦስት ቀን ራሱ ወጥመድ ውስጥ ወደቀ። ከኋላው ፈንጂ፣ ከፊቱ ታንክ። ውኃም ነዳጅም ሊያልቅበት ነበር። ሌላ ጄኔራል ቢሆን እጅ ይሰጣል። እሱ ፊቱን አዙሮ በፈንጂው መሀል መተላለፊያ ከፈተ። መንገዱን የዘጋውን የእንግሊዝ ብርጌድ ደመሰሰ፤ ስንቁን አስገባ፤ ከዚያ ዞሮ ታንኮቹን አንድ በአንድ ለቀማቸው። ጁን 21 ቶብሩክ ወደቀች። 33 ሺህ ያህል ሰው ተማረከ። በማግስቱ ፊልድ ማርሻል ሆነ።

ይሄ ጭንቅላት ካልሆነ ምንድነው?

የድሮ_ታንከኛ · ማክሰኞ ከምሽቱ 4:20

ልጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። እኔ ኦጋዴን ላይ በቲ-55 ውስጥ የነበርኩ ሰው ነኝ። ጥገና ላይም ሠርቻለሁ። ስለ ሮሜል የማውቀው በንባብ ነው። በረሃ ላይ ታንክ ውስጥ መዋል ምን እንደሆነ ግን በሰውነቴ አውቀዋለሁ።

ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ብረቱን በባዶ እጅህ አትነካውም። ውስጡ የዘይት፣ የባሩድና የላብ ሽታ ነው። ከውጭ የምታየው መሬት ይንቀጠቀጣል። ሙቀቱ አየሩን ስለሚያሞቀው ቁጥቋጦው መኪና ይመስልሃል፤ መኪናው ታንክ ይመስልሃል። ርቀት መገመት አይቻልም። ሊቢያ ላይም እንደዚያው ነበር። ለዚህ ነው ብዙው ውጊያ ጠዋትና ወደ ማታ ላይ የሚፋፋመው።

አቧራው ደግሞ አለ። ሞተሩ አየር ይስባል፤ ከአየሩ ጋር ዱቄት የመሰለ አሸዋ ይገባል። ማጣሪያውን በየቀኑ ካላጸዳኸው ሞተሩ ከውስጥ ይበላል። እኔ ማጣሪያ ሳጥብ ከሥሩ የሚወጣው ጭቃ እንደ ሊጥ ነበር። የእንግሊዙ ክሩሴደር ታንክ ፈጣን ነበር ይባላል፤ የውኃ ፓምፑ ግን አሸዋ አልቻለም። ጥይት ሳይነካው የቆመው ቁጥሩ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ክርክራችሁ ልግባ። ሁለታችሁም አንድ ነገር ዘላችኋል። የተመታ ታንክ ሁሉ ሙት ታንክ አይደለም። ሰንሰለቱ ተበጥሶ፣ ጎማው ወልቆ የቆመ ታንክ ሌሊት ተጎትቶ ከወጣ በሁለት ቀን ውስጥ ይመለሳል። ስለዚህ ማታ ሜዳው በማን እጅ ቀረ የሚለው ነው ዋናው። ጀርመኖቹ በዚህ በጣም የተደራጁ ነበሩ። ጎታቾቻቸው ከተዋጊው ኋላ ኋላ ይከተላሉ። እንግሊዞቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማታ ሲሆን ተሰባስበው ለማደር ወደ ኋላ ይሳባሉ፤ የራሳቸውን ስብራት ሜዳ ላይ ትተው። ጠዋት ሲመጡ ታንካቸው የለም። ጋዛላ ላይ 850 የነበረው የቀለጠው ግማሹ በዚህ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሚጡ · ማክሰኞ ከምሽቱ 4:41

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የተማርኩት። አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። በየቦታው «88» የሚባል መድፍ ይጠቀሳል። የአየር መቃወሚያ ነው ይላሉ። የአየር መቃወሚያ ታንክ ላይ ምን ይሠራል?

የድሮ_ታንከኛ · ማክሰኞ ከምሽቱ 5:02

ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ። አውሮፕላን ለመምታት ጥይቱ በጣም ፈጣን መሆን አለበት። ፈጣን ጥይት ደግሞ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ብረትም ይበሳል። ስለዚህ አፈሙዙን ዝቅ አድርገህ ብረት በሺ ጥይት ካጎረስከው ታንኩ አንተን መምታት ከማይችልበት ርቀት ትመታዋለህ።

ጁን 15፣ 1941 ሃልፋያ በሚባል ማለፊያ ላይ እንግሊዞቹ ማቲልዳ ታንክ አሰልፈው መጡ። ማቲልዳ ፊቱ 78 ሚሊሜትር ብረት ነው። ጣሊያኖቹ በመድፋቸው ሲደበድቡት ምንም አላሉትም ነበር። 88ቱ ግን እንደ ቆርቆሮ በሳው። በዚያ ዘመቻ እንግሊዝ 91 ታንክ አጣች። ጀርመን 12።

ግን መድፉ ጉድለት ነበረው። ቁመቱ ረጅም ነው፤ አሸዋ ላይ ከሩቅ ይታያል። መሬት ቆፍረው ካልቀበሩት ተኳሾቹ ገላጣ ላይ ናቸው። እና እዚህ ላይ የእንግሊዝ ታንከኛ እጅግ ያሳዝነኛል። የታንኩ መድፍ ብረት የሚበሳ እንጂ የሚፈነዳ ጥይት አልተሰጠውም። መድፈኛን ለመምታት የሚፈነዳ ጥይት ያስፈልግሃል። ስለዚህ ያለው ምርጫ እየነዳ መጠጋት ነው። ጀርመኖቹ ይህን ያውቃሉ። ታንካቸውን የሚሸሽ አስመስለው ወደ ኋላ ይስባሉ። እንግሊዙ ይከተላል። ከዚያ 88ቱ ይጠብቀዋል። ይህ እስኪገባቸው ስንት ልጅ እንደተቃጠለ አስቡት።

አሜሪካኖቹ ግራንት የሚባለውን ታንክ ሲያመጡ ነው ነገሩ የተቀየረው። 75 ሚሊሜትር መድፍ ነበረው፤ የሚፈነዳ ጥይትም ይተኩሳል። ለጋዛላ ደረሰ። መድፉ ግን ጎኑ ላይ ነው የተገጠመው። ደፈጣ ይዞ ለመተኮስ ገላውን በሙሉ ማሳየት አለበት። ሸርማን ነው ያንን ያስተካከለው።

ቀይ_ባሕር · ረቡዕ ከጠዋቱ 1:30

ሌሊቱን ሙሉ አነበብኳችሁ። ዘካዛንቺስ ግራዚያኒን አንስተህ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፍከው። እኔ ማለፍ አልችልም።

ያ ዲሴምበር 9 ማለዳ መጀመሪያ የተመታው ሰፈር ኒቤይዋ ይባላል። ማቲልዳዎቹ ከኋላ በኩል ገቡ። የጣሊያን ታንኮች ሞተራቸው ሳይሞቅ ተቃጠሉ። የሰፈሩ አዛዥ በዚያ ማለዳ ተገደለ። ስሙ ጄኔራል ፒየትሮ ማሌቲ ነው። ግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ ደብረ ሊባኖስ ላይ መነኮሳቱን የፈጀው ማሌቲ። እኔ ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ውጭ ወጣሁ። አያቴ የደብረ ሊባኖስን ነገር ስትናገር ድምጿ ይቀንስ ነበር። ሰውየው የት እንደገባ ግን በቤታችን የሚያውቅ አልነበረም።

ሌላም አለ። ኒቤይዋን የያዘው የሕንድ 4ኛ ክፍለ ጦር ነው። ውጊያው ገና ሳይበርድ የኦኮነር የበላይ ጄኔራል ዌቭል ክፍለ ጦሩን ነቅሎ ወደ ሱዳን ላከው። ኦኮነር ተናደደ፤ በአውስትራሊያኖች እስኪተካ ቀን ባከነበት። እነዚያ ሕንዶች የት ሄዱ? ከረን። ከረን ማርች 27፣ 1941 ተያዘች። ምጽዋ አፕሪል 8። ከሦስት ቀን በኋላ፣ አፕሪል 11፣ ሩዝቬልት ቀይ ባሕር የጦር ቀጠና መሆኑ ቀርቷል ብሎ አወጀ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ መርከብ ደቡብ አፍሪካን ዞሮ በቀይ ባሕር በኩል ስዌዝ መግባት ቻለ። ጋሼ የነገሩን ግራንትም ሸርማንም የመጡት በዚያ ውኃ ላይ ነው።

ስለዚህ ስለ ቤንዚንና ስለ ታንክ መንገድ ስናወራ የሮሜል መንገድ ከትሪፖሊ ብቻ አይደለም የጠበበው። የእንግሊዝ መንገድ የሰፋው በእኛ አገር ነው። እዚህ የሞቱት አርበኞችም፣ ከረን ተራራ ላይ የቀሩት ሕንዶችም በዚያ ሒሳብ ውስጥ አሉ።

ታሪክ_ወዳድ · ረቡዕ ከጠዋቱ 2:15

የማሌቲን አላውቅም ነበር። በጣም አመሰግናለሁ።

አንተ ካነሳኸው አይቀር ጄኔራል አላን ካኒንግሃምም አለ። ከኬንያ ተነስቶ በሞቃዲሾና በሐረር አድርጎ ጦሩ አፕሪል 6፣ 1941 አዲስ አበባ ገባ። ፈጣን ዘመቻ ነበር። በዚያ ስም ነው በረሃው ላይ የሚዋጋው የእንግሊዝ 8ኛ ጦር አዛዥ ተደርጎ ወደ በረሃው የተወሰደው። ኖቬምበር 18 ማጥቃት ጀመረ። ቶብሩክ አቅራቢያ ሲዲ ረዜግ ላይ ታንኮቹ በቀናት ውስጥ አለቁ። ወደ ኋላ እንሳብ አለ። የበላዩ ኦኪንሌክ እምቢ አለና ኖቬምበር 26 ከሥልጣን አነሳው። ውጊያውን ኦኪንሌክ ራሱ ገፍቶበት በመጨረሻ ሮሜል ለቀቀ፤ ቶብሩክም ከከበባ ወጣች። በተራራና በጫካ መንገድ ያሸነፈ ጄኔራል ታንክ ባሕር ውስጥ ሲጣል መዋኘት አልቻለም። ለዚህ ነው ሰውየው ራሱ ይቆጠራል የምለው።

ዘካዛንቺስ · ረቡዕ ከጠዋቱ 3:40

ቀይ ባሕር፣ ለዚህ ክር ከከፈትኩ ወዲህ ያነበብኩት ትልቁ ነገር ያንተ ነው። አያትህን ነፍስ ይማር።

ታሪክ ወዳድ፣ ስለ ጭንቅላት እሺ፤ ከፊሉን ልስማማ። ግን የጋዛላውን ሮሜል ስታደንቅ አንድ ነገር አብረህ ቁጠር። ካይሮ የነበረው የአሜሪካ ወታደራዊ አታሼ፣ ኮሎኔል ቦነር ፌለርስ፣ እንግሊዞቹ የሚነግሩትን ሁሉ በሚስጥር ጽሑፍ ወደ ዋሽንግተን ይልክ ነበር። ስንት ታንክ እንዳለ፣ ወዴት ለመሄድ እንዳሰቡ። የጣሊያን ሰላዮች ደግሞ የሚስጥር ጽሑፉን መፍቻ ሮም ካለው የአሜሪካ ኤምባሲ ሰርቀው ነበር። ሮሜል የጠላቱን ሀሳብ እያነበበ ነው የተዋጋው። ጁን መጨረሻ ላይ ያ ምንጭ ደረቀ። ጁላይ 10 ደግሞ አውስትራሊያኖች ቴል ኤል ኢሳ ላይ የሬድዮ ጠላፊ ክፍሉን ያዙት። ከዚያ በኋላ ሮሜል እንደ ጋዛላ ያለ ድል አላገኘም። ይህ ዝም ብሎ መገጣጠም ነው ብዬ አላምንም።

ቶብሩክ ላይ ደግሞ ትልቁን ስህተት ሠራ። መጀመሪያ የታቀደው ቶብሩክ ከተያዘች በኋላ ቆሞ ማልታን መያዝ ነበር። ማልታ ያለው አውሮፕላንና ሰርጓጅ መርከብ ነዳጁን ባሕር ላይ እየበላበት ነው። የጀርመኑ ፊልድ ማርሻል ኬሰልሪንግ ቁም አለው። ሮሜል ቶብሩክ ውስጥ የማረከውን ነዳጅና መኪና አየና ወደ ካይሮ እሄዳለሁ አለ። ሂትለርና ሙሶሊኒ ደገፉት። የማልታው ዘመቻ ቀረ። ሰው የጎረቤቱን ጎተራ አግኝቶ የራሱን እርሻ ሲተው ማለት ነው።

ሰላም_ሃይፋ · ረቡዕ ከቀኑ 7:10

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምኖረው ሃይፋ ነው። ውይይታችሁን ወድጄዋለሁ፤ አንድ ነገር ግን እየጎደለ ነው።

ሮሜል ጨዋ ወታደር ነበር፣ የበረሃው ጦርነት ንጹህ ነበር ሲባል እሰማለሁ። ምርኮኛን በደንብ ይዟል፤ ይህን አልክድም። ግን ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት አሮጊት እናት የቤንጋዚ ሰው ናቸው። ልጅ ሆነው ከነቤተሰባቸው በ1942 በጭነት መኪና ተጭነው ጃዶ ተወሰዱ። ጃዶ ከትሪፖሊ በስተደቡብ ተራራ ላይ የነበረ የጣሊያን ካምፕ ነው። 2,600 ገደማ አይሁድ ታስረውበት 562ቱ ሞተዋል፤ አብዛኞቹ በታይፈስ። ጥፋታቸው እንግሊዝ ሲገባ ደስ አላቸው መባሉ ነው። ሮሜል ካምፑን አልሠራም። ጣሊያን ተመልሳ ቤንጋዚ የገባችው ግን በሮሜል ታንክ ነው።

ግብፅን ቢያልፍ ኖሮ ደግሞ ቀጣዩ እዚህ ነበር። እሱን ተከትሎ እንዲገባ የተዘጋጀ አይሁድን የሚገድል የናዚ ኤስኤስ ቡድን አቴንስ ላይ ይጠብቅ ነበር። ያን ክረምት እዚህ የነበሩ ሽማግሌዎች ስለ አላሜይን ሲያወሩ እንደ ታንክ ጨዋታ አያወሩትም። እማማ ጀሪካን ሲያዩ የሚያስታውሱት የጃዶን የውኃ ወረፋ ነው።

የድሮ_ታንከኛ · ረቡዕ ከቀኑ 8:00

ልጄ ሰላም፣ ይህን ስለጻፍሽ እግዜር ይስጥሽ። እናትየዋ በሕይወት ካሉ ሰላም በይልኝ።

አቤል_77 · ረቡዕ ከምሽቱ 1:25

የእንግሊዙን ጄኔራል ሞንትጎመሪን ማንም አላነሳውም፤ ስለዚህ እኔ ልሟገትለት። በየመድረኩ «ብዙ ታንክ ስለነበረው አሸነፈ» እየተባለ ይናቃል። ያናድደኛል።

ኦገስት 13፣ 1942 8ኛውን ጦር ሲረከብ ጦሩ ግራ የገባው ነበር። ቀድሞ የተሾመው ጄኔራል ጎት አውሮፕላኑ ተመትቶ ሞቶ ነው እሱ የመጣው። በመጀመሪያው ቀን ወደ ኋላ የሚባል ነገር የለም ብሎ የማፈግፈጊያ እቅዶቹ እንዲቃጠሉ አዘዘ። በወሩ መጨረሻ ሮሜል አላም ሃልፋ የሚባል ኮረብታ ላይ እንደ ጋዛላው በደቡብ ቆረጣ ሞከረ። ሞንትጎመሪ ታንኮቹን ኮረብታው ላይ ቀብሮ ጠበቀው። ሮሜል ሲያፈገፍግ አሳደደው? አላሳደደውም። ጋሼ የነገሩንን የ88 ወጥመድ ያውቀዋል። እንዲከተል የሚገፋፋውን ሁሉ እምቢ ብሎ ተቀመጠ። ይህ ፍርሃት አይደለም። የሌላውን ስህተት አይቶ መማር ነው።

ከዚያ ሰባት ሳምንት ተዘጋጀ። 195 ሺህ ሰው፣ ከ1,000 በላይ ታንክ። በሰሜን ሊያጠቃ ነው፤ ጠላት ግን ደቡብ እንዲመስለው ማድረግ አለበት። ታንኮቹን በሸራና በእንጨት ሸፍነው የጭነት መኪና አስመሰሏቸው። በደቡብ በኩል የውሸት የውኃ ቧንቧ ዘረጉ። ቧንቧው የተሠራው ከባዶ የቤንዚን ቆርቆሮ ነው። ዘካዛንቺስ፣ ያ ስስ ቆርቆሮህ እዚህ ጥቅም ላይ ዋለ። ቧንቧው የሚያልቅበትን ቀን ከአየር ያየ ሰው ጥቃቱ ኖቬምበር ላይ ይሆናል ብሎ ይገምታል።

ኦክቶበር 23፣ ከምሽቱ 3:40፣ ሙሉ ጨረቃ። ወደ 900 የሚጠጋ መድፍ አንድ ላይ ተኮሰ። ከፊታቸው ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ፈንጂ አለ። ታንክ ከመሄዱ በፊት ሰው መሄድ አለበት። መሐንዲሶቹ በእግራቸው ተሰልፈው ገቡ። አንድ የፖላንድ መኮንን የፈጠረው የፈንጂ መፈለጊያ ነበራቸው። እሱ የተበላሸበት በደረቱ ተኝቶ አሸዋውን በሳንጃ እየወጋ ይፈልጋል። የጸዳውን መንገድ በነጭ ጥብጣብና በፋኖስ ያመለክታሉ። በዚያ ጥብጣብ መሀል ነው ታንኮቹ በአቧራ ውስጥ አንዱ የሌላውን ጭራ እየተከተለ የሄደው።

ሮሜል ያን ሌሊት አልነበረም። ታሞ ኦስትሪያ ነበር። ተተኪው ጄኔራል ሽቱመ በማግስቱ ግንባር ላይ በልብ ድካም ሞተ። ሮሜል ኦክቶበር 25 ማታ ደረሰ። የጠበቀውን የነዳጅ መርከብ በማግስቱ ቶብሩክ አቅራቢያ አሰጠሙት። ኖቬምበር 2 ማታ የቀረው የሚሠራ የጀርመን ታንክ 35 ገደማ ነበር። ሂትለር ግን አንድ እርምጃ እንዳትለቅ አለው። አንድ ቀን ተኩል በዚያ ትእዛዝ ባከነ። ኖቬምበር 4 ለቀቀ። መኪናው ለጀርመኖቹ ስለሆነ ብዙው የጣሊያን እግረኛ በረሃው ላይ ተትቶ ቀረ።

ታሪክ_ወዳድ · ረቡዕ ከምሽቱ 2:00

ሞንትጎመሪን በደንብ ተሟገትክለት፤ የኦኪንሌክን ግን በላህበት። ጁላይ ላይ ሮሜልን አላሜይን ያስቆመው ኦኪንሌክ ነው። ያችን ጠባብ ቦታ፣ በሰሜን ባሕር በደቡብ ታንክ የማያልፍበት የቃታራ ዝቅተኛ ስፍራ ያለበትን፣ የመረጠው እሱ ነው። 60 ኪሎሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ቆረጣ የሚገባበት ክፍት ጎን የለም። የሮሜልን ትልቁን መሣሪያ የነጠቀው ያ ቦታ ነው። ቸርችል ግን አነሳው። ሞንትጎመሪም ስሙን በደግ አላነሳውም። ይህ ልክ አልነበረም።

አቤል_77 · ረቡዕ ከምሽቱ 2:12

ይህን እቀበላለሁ። ልክ ነህ።

ከእስክንድርያ · ረቡዕ ከምሽቱ 4:30

እኔ ለሥራ እስክንድርያ ነው ያለሁት። አላሜይን ባለፈው ዓመት ሄጄ ነበር። የጣሊያኖቹ የመንገድ ዳር ድንጋይ «እስክንድርያ 111 ኪሎሜትር» ይላል። ከሥሩ ደግሞ ዕድል እንጂ ጀግንነት አልጎደለንም የሚል ተጽፏል። ሮሜል የቀረው ያ ነበር። በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም።

የእንግሊዝና የአጋሮቹ መቃብር አሸዋ ላይ ነው። 7,240 ሰው ተቀብሮበታል። ሣር የለም፤ በየመሀሉ የበረሃ ተክል ብቻ። ነጭ ድንጋዮቹ እንደ ተማሪ ሰልፍ ቀጥ ብለው ቆመዋል። 815ቱ ስም የላቸውም። ስሙ በሌለበት «እግዚአብሔር የሚያውቀው» ተብሎ ተቀርጿል። አንዱን ድንጋይ በእጄ ነካሁት፤ በጣም ይሞቃል። ከጎኑ የ20 ዓመት ታንከኛ ነበር። ከሥሩ ቤተሰቦቹ ያስጻፉት አለ፤ አንብቤ መጨረስ አቃተኝ።

በእምነታቸው የማይቀበሩ፣ አስከሬናቸው የተቃጠለ ወታደሮች የስም ግድግዳ ደግሞ አለ፤ ከ600 በላይ ናቸው። የሕንድ ስሞች። ያኔ ዝም ብዬ አልፌው ነበር። ቀይ ባሕር፣ ያንተን ካነበብኩ በኋላ ነው ምን እንዳለፍኩ የገባኝ። ከእነሱ ውስጥ ከረንን አይተው የተመለሱ ይኖራሉ።

ቀይ_ባሕር · ረቡዕ ከምሽቱ 4:52

ወንድሜ፣ ዳግመኛ የምትሄድበት ቀን አለ? የዚያን ግድግዳ ፎቶ ብታነሳልን። የክፍሎቹ ስም ከስሙ ጎን ይጻፋል። የ4ኛውን ክፍለ ጦር ሻለቆች እኔ አውቃቸዋለሁ፤ እዚሁ እንለያቸዋለን።

ከእስክንድርያ · ረቡዕ ከምሽቱ 5:05

ዓርብ ሥራ የለኝም። በማለዳ እወጣለሁ፤ ከሙቀቱ በፊት። ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አነሳዋለሁ።

የድሮ_ታንከኛ · ረቡዕ ከምሽቱ 5:20

ውኃ ይዘህ ሂድ ልጄ። ከመንገዱም አትውጣ፤ በዚያ አገር ያልወጣ ፈንጂ ዛሬም አለ።